የባር መብራቴ ተገላብጦ ነው የሚሰራው፤ አጭር ሳበራ ይበራል ረጅም ሳደርገው ይጠፋል

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን ከሦስት ሳምንት በፊት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሄደ፣ መሃል ላይም ወሬው ወደ ሌላ ወደ ሌላ ዞረ፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ሁሉንም እየፈለገ እንዳይደክም ብዬ ከነቁጥሩ በራሴ አነጋገር እየተረክኩ አስቀምጬዋለሁ። የተሳሳተውንም መልስ አልተውኩትም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ በተሳሳተው በኩል አልፌ ነው ትክክለኛው የገባኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ካብ ነው፣ የቆየ፣ የፊት መብራቱ ባለ ሦስት እግር ኤች 4 አምፖል። ስራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት እወርዳለሁ፣ አንዳንዴም ከዛ ወዲያ ቆላው እርሻ ድረስ እገባለሁ፣ ስመለስ ሁሌም ይመሽብኛል። የራሱ መብራት አልበቃ ሲለኝ ከሶማሌ ተራ ረጅም የኤልኢዲ ባር ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ 180 ዋት ይላል፣ ከነገመዱ ከነሪሌው ከነማብሪያው ነው የመጣው። ሪሌ ማለት 85ና 86 በሚባሉት እግሮቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይይዝና 30ን ከ87 አገናኝቶ ትልቁን የሚያሳልፍ መቀያየሪያ ነው። ቡልባሩ ላይ አሰርኩትና ገመዱን ራሴ ዘረጋሁት፤ የሪሌው 30 ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ 87 ወደ ባሩ፣ 85 ቦዲው ላይ ማሳ (ኔጌቲቭ)፣ 86ን ደግሞ ከረጅሙ መብራት ሽቦ ላይ ቀጠልኩት። ሃሳቤ ረጅም ሳበራ ባሩም አብሮ እንዲበራ፣ አጭር ስመልስ አብሮ እንዲጠፋ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ አጭሩን ሳበራ ባሩ ቦግ ይላል፣ ረጅሙን ስለው ድርግም ይላል። ይሄ ማለት ከፊት መኪና ሲመጣ ለሰውዬው ብዬ ዝቅ ሳደርግለት ባሩ ዓይኑ ላይ ይበራበታል ማለት ነው። ደብረ ሲና መውረጃው ላይ አንድ አይሱዙ በዚህ ምክንያት ጥግ ይዞ ቆመብኝ፣ ሹፌሩ ምን እንደተሰማው አስቡት። ከዛ ቀን ጀምሮ የባሩን ሶኬት ነቅዬዋለሁ። ሪሌው ነው? ገመዱ ነው? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው በጣም በትህትና ነው የመለሰልኝ፣ እንኳን ደህና መጣህ ካለኝ በኋላ ሪሌው ባለ አምስት እግር ሆኖ ገመዱን 87 ላይ በመሰካት ፈንታ መሃል ያለው 87 ኤ ላይ ሰክቼው እንደሆነ ጠረጠረ። 87 ኤ ሪሌው ሳይዝ የሚያስተላልፍ፣ ሲይዝ የሚቆርጥ እግር ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል።

መልስ 2። ይሄ የኔ ነው። ሪሌው ባለ አራት እግር እንደሆነ፣ ደግሞም ችግሩ 87 ኤ ቢሆን ኖሮ መብራት ሁሉ ጠፍቶ መኪናው ቆሞም ባሩ መብራት እንደነበረበት ጻፍኩ። የኔ መብራት ሁሉ ሲጠፋ ይጠፋል፣ አጭር ላይ ብቻ ነው የሚበራው።

መልስ 3። አንዱ በኤሌክትሪክ እንዳልጫወትና ጋራዥ እንድወስደው ነገረኝ፣ ድምፁ ትንሽ ቁጣ ነበረበት። አልተቀየምኩትም፣ ለምን እንደተቆጣ ኋላ መልስ 13 ላይ ገባኝ።

መልስ 4። የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነች እህታችን ናት፣ ውይይቱን በሙሉ ያዳነችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ሌላ ምንም ሳትል አንድ ነገር ጠየቀች፣ 86ን የቀጠልኩበትን ሽቦ በቴስተር ለክቼዋለሁ ወይ፣ ከለካሁትስ ስንት አሳየኝ። ለክቼዋለሁ፣ ሶኬቱ አምፖሉ ላይ እንደተሰካ፣ ጥቁሩን ገመድ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አድርጌ። አጭር ላይ 12 ቮልት፣ ረጅም ላይ ዜሮ። እኔ ይሄን ሳይ ሽቦ ተሳስቼ የአጭሩን የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

መልስ 5። እሷ ወዲያው መልሱ እዛው ላይ እንዳለ ነገረችኝ፣ መኪናዬ መብራቱን የሚመርጠው በማሳ በኩል ነው። ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳችው። በብዙ መኪና ማሳው አምፖሉ ጋ ሁሌ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማብሪያው የሚሰጠውና የሚነሳው ፖዘቲቩን ነው። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ተቃራኒ ናቸው፣ መብራት ሲበራ ፖዘቲቩ ለሁለቱም ክሮች (አምፖሉ ውስጥ ግለው ለሚያበሩት ቀጫጭን ሽቦዎች) በሚያገለግለው በጋራው እግር ይገባል፣ ረጅምና አጭር የምንመርጥበት ዘንግ የሚሰጠው ማሳውን ነው። አጭር ስመርጥ የአጭሩ ክር ማሳ አግኝቶ ይበራል፣ የረጅሙ ክር ማሳ ስላጣ አይበራም፣ ነገር ግን ፖዘቲቩ በክሩ ውስጥ አልፎ እስከ ሽቦው ጫፍ ይመጣና ተንጠልጥሎ ይቆማል። የሪሌ ኮይል (በ85ና በ86 መሃል ያለው ጥቅል ሽቦ) የሚፈልገው ትንሽ ነው፣ አንድ አምስተኛ አምፒር እንኳ አይሞላም፣ በክሩ በኩል የመጣችው ትበቃዋለች። 85ን ቦዲ ላይ ስላሰርኩት በዛ በኩል ማሳ አለው፣ በዚህ በኩል ፖዘቲቭ መጣለት፣ ስለዚህ ይይዛል፣ ባሩ ይበራል። ረጅም ስመርጥ ደግሞ ያው ሽቦ ማሳ ይሆናል፣ ሪሌው በሁለቱም በኩል ማሳ ሆነበት፣ ይለቃል፣ ባሩ ይጠፋል። ሪሌውም ጤነኛ፣ ገመዱም ጤነኛ፣ እኔ ነኝ የመኪናውን ባህሪ ሳላውቅ የቀጠልኩት።

ይሄን ሳነብ ሌሊቱ 5 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ጃኬት ደርቤ ግቢ ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ እያየሁ በደንብ ገባኝ።

መልስ 6። እዚህ ላይ ነገሩ ሻከረ። አንድ ሰውዬ በከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 20 ዓመት እንደሰራና መብራት በማሳ ሲመረጥ አይቶ እንደማያውቅ፣ ይሄ ከመጽሐፍ የተለቀመ ወሬ እንደሆነ ጻፈ። እሷን በስም ሳይጠራ ጋራዥ ገብቶ እጁን ያላቆሸሸ ሰው አያስተምር የሚል ነገርም ጨመረ፣ ይሄ አልተገባም።

መልስ 7። ሌላ ልጅ ሁለቱንም ለማስታረቅ ይመስላል፣ ክርክሩን ትቼ ሶኬቱን ከአምፖሉ ነቅዬ ባዶውን እንድለካ መከረኝ። አምፖሉ ከሌለ ክሩ የለም፣ በክሩ ተንጠልጥሎ የሚመጣ ቮልትም አይኖርም።

መልስ 8። የቀኙን ሶኬት ነቅዬ ለካሁ፣ መብራቱ አጭር ላይ ሆኖ የረጅሙ እግር አሁንም 12 ቮልት ያሳያል። እንዳለ ጻፍኩት። መልስ 6 የጻፈው ሰውዬም መልስ 9 ላይ ተመልሶ መጥቶ ሽቦው ንጹህ ፖዘቲቭ እንደሆነ፣ እሷ እንደተሳሳተች በደስታ አስታወቀ።

መልስ 10። እሷ ግን ምንም ሳትቆጣ አንድ አጭር ነገር ብቻ ጠየቀች፣ የግራውንስ ነቅዬዋለሁ? አልነቀልኩም። የግራና የቀኝ ረጅም ሽቦዎች ወደ ዘንጉ ሲሄዱ ይገናኛሉ፣ የቀኙን ብነቅልም የግራው አምፖል ክር ቮልቱን ወዲያ ወዲህ እያሻገረ ያመጣዋል። ሁለቱም መነቀል አለባቸው። ከዛ ጥቁሩን ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አድርጌ ሦስቱንም ቀዳዳ በአጭርም በረጅምም እንድለካ፣ ቀጥሎ ቀዩን ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አድርጌ እንደገና እንድለካ ነገረችኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ 12 የሚያሳየው ቀዳዳ ማሳ ያገኘው ነው።

እኔ ከዚህ ውይይት አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልሂድ ብባል ይሄን ነው የምይዘው። ብዙ ሰው ሶኬቱ እንደተሰካ ወይም አንዱን ብቻ ነቅሎ ለክቶ ነው የሚሳሳተው፣ የአምፖል መሞከሪያ ቢጠቀምም በክሩ በኩል ይበራለትና ይሸወዳል።

መልስ 11። ውጤቱን ጻፍኩ። ሁለቱም ተነቅለው አንዱ ቀዳዳ በአጭርም በረጅምም 12 ቮልት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም ፖዘቲቭ የላቸውም። ቀዩን ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ሳደርግ አጭር ላይ አንደኛው፣ ረጅም ላይ ሌላኛው ማሳ ያገኛል። አለቀ። የ20 ዓመቱ ሰውዬም እዚያው ስር መጥቶ እሱ የሚሰራባቸው ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናዎች በፖዘቲቭ የሚመርጡ ስለሆኑ እንደተሳሳተ፣ እህቲቱንም ይቅርታ እንደሚጠይቃት ጻፈ። አክብሬዋለሁ፣ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል አይደለም።

መልስ 12። አሁን መፍትሔው ላይ መጡ። አንዱ 86ን ከባትሪ ፖዘቲቭ አምጥቼ፣ 85ን ከቦዲው ፈትቼ የረጅሙ ሽቦ ላይ እንዳደርገው ነገረኝ። ሃሳቡ ልክ ነው ግን ግማሽ ነው፣ ወዲያው ስሩ ላይ እህታችን አረመችው። ፖዘቲቩ ከባትሪ በቀጥታ ከመጣ የፊት መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን በኮይሉ፣ ከዛ በረጅሙ ክር፣ ከዛ በአጭሩ ክር ዞሮ ዘንጉ ጋ ማሳ ሊያገኝ ይችላል፣ እንደ መኪናው አሠራር ባሩ ሳይታሰብ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ 86 ከዛው ከአምፖሉ የጋራ እግር ሽቦ ላይ ይወሰድ፣ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ማብሪያዋ በዚህች ቀጭን መስመር መሃል ትግባ፣ ባሩን ካልፈለግኩት እንድቆርጠው። ደግሞ 86 እና 85ን እንዳላቀያይር አስጠነቀቀችኝ፣ አንዳንድ ሪሌ ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለው፣ ከተገለበጠ ሾርት ያደርግና የመብራቱን ፊውዝ ይበላል፣ በጨለማ መንገድ ላይ የፊት መብራት ማጣት ደግሞ ባር ከማጣት ጋር አይወዳደርም።

መልስ 13። መልስ 3 ላይ የተቆጣኝ ሰው ተመለሰ፣ ፊውዙ የት ነው ብሎ ጠየቀ፣ እኔ በጥያቄዬ ፊውዝ የሚባል ነገር እንዳላነሳሁ አይቶ ነበር። የራሱን ታሪክ ነገረን። ፒካፕ ነበረው፣ ጋራዥ ያስገጠመው መብራት፣ ከባትሪ የመጣው ገመድ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያለ ጎማ ቀለበት ነበር ያለፈው፣ ፊውዙ ደግሞ ከቀዳዳው ወዲያ ሪሌው አጠገብ። ኮረኮንች መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ላስቲኩ ተበልቶ ሽቦው ቆርቆሮውን ነካ። ከአዋሽ ወዲህ ኮፈኑ ስር ጭስ አየ፣ ወርዶ ሲከፍት ገመዱ ቀልቶ ይንጠባጠባል፣ ተርሚናሉን የሚፈታበት ቁልፍ እስኪፈልግ እሳቱ ወደ ነዳጅ ቱቦው እየሄደ ነበር፣ በፒንሳ ቆርጦ አፈር እያፈሰሰ ነው ያጠፋው። ልጁ ከኋላ ወንበር ተኝቶ ነበር።

ቀጥሎ የነገረን ነገር ሁላችንም የምናውቅ የሚመስለን ግን የማናስተውለው ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን አይደለም፣ ገመዱን ነው፣ ስለዚህ ቦታው ባትሪው ስር ነው፣ ቢበዛ በአንድ ስንዝር ርቀት። ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ በሙሉ ጠባቂ የለውም። ሄጄ ሳየው የኔም ፊውዝ ሪሌው አጠገብ ነው፣ ከባትሪው ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ፣ አረንጓዴ የ30 አምፒር። ያን ቀን መኪናውን ሳላስነሳ ገመዱን ከባትሪው ፈታሁት።

መልስ 14። ስለ ገመድ ውፍረት የጻፈው ልጅ ሂሳቡን ቁጭ አድርጎ ሰራልን። 180 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 15 አምፒር። ገመዱ ወደ ፊት 4 ሜትር ወደ ኋላ 4 ሜትር ቢሆን፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ 0.8 ቮልት ገደማ ይጠፋል፣ በ0.75 ግን 2.8 ቮልት ገደማ፣ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። የድሮ ሃሎጅን ቢሆን መብራቱ በግልጽ ይደበዝዝ ነበር፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጥሩ የኤልኢዲ ባር ውስጥ ግን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ስላለ ቮልት ሲያጥረው ብዙ አምፒር ይስባል፣ ብርሃኑ ሳይቀንስ ገመዱን ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ችግሩ በዓይን አይታይም።

ከካርቶን ጋር የሚመጣውን ገመድ በቢላ ልጬ እንዳየውም ነገረኝ። ልጬ አየሁት፣ ላዩ የመዳብ ቀለም ነው ውስጡ ነጭ፣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ነበር የሸወደኝ። እንዲህ ያለ ገመድ ላይ 30 አምፒር ፊውዝ መሰካት ፊውዙ ሳይቃጠል ገመዱ ይቃጠል ማለት ነው።

መልስ 15። ባሩ እውነት 180 ዋት መሆኑን የተጠራጠረ ሰው ነበር፣ ቴስተሩን የ10 አምፒር ቦታ ላይ አድርጌ በመሃል አስገብቼ ለካሁለት። ሞተር በርቶ 13.8 ቮልት ላይ 5.6 አምፒር ነው የሚስበው፣ 77 ዋት መሆኑ ነው። ካርቶኑ ከግማሽ በላይ ዋሽቷል። በዚህ ሂሳብ ቀዩ የ10 አምፒር ፊውዝ ይበቃኛል ማለት ነው።

ከመልስ 16 እስከ 19 ያለው ጸብ ነው ማለት ይቻላል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ የሆነ ወንድማችን መገጣጠሚያ ሁሉ በሶልደር መሠራት አለበት አለ፣ ሌላው ደግሞ መኪና ላይ ሶልደር ወንጀል ነው አለ፣ ከዛ በኋላ አንተ አንቺ እየተባባሉ ቀጠሉ፣ አወያዩም መጥቶ አንድ ጊዜ አረጋጋቸው። የሁለቱም ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ሶልደር በሽቦው ክሮች መሃል ሰርጎ የተወሰነውን ክፍል እንደ ምስማር ያደርቀዋል፣ ንዝረት ሲበዛ ደረቁና ለስላሳው የሚገናኙበት ላይ ይሰበራል፣ ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ይሄን ቶሎ ያያል። በሌላ በኩል ትክክለኛው የተርሚናል መጭመቂያ ሳይኖር በፒንሳ አጣብቆ መተው ከሶልደር የባሰ ነው፣ ይለቃል፣ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። መልስ 19 ላይ ጠጋኙ ራሱ ሶልደር ያደረገ ሰው ገመዱን ከዛ ወዲህ እንዳይወዛወዝ አጥብቆ እንዲያስረው በመጨመሩ ነገሩ ረገበ። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሽቦ ነክሳ የምትይዘዋን የፕላስቲክ መቀጠያ አለመጠቀም ነው፣ ክሮቹን ትበጥሳለች፣ ውሃ ታስገባለች፣ በክረምት ትዝጋለች።

መልስ 20። ይሄ የከበደኝ መልስ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ነው፣ በዚህ መንገድ ዓመታት የተመላለሰ። ለኔ ብቻ አይደለም የጻፈው፣ ባር ላሰርን ሁሉ ነው፣ ቃሉም ኮምጣጣ ነበር። ከጣርማ በር በታች ጥምዝ ላይ ባር ያበራ ፒካፕ ድንገት መጣበት፣ ለተወሰነ ሰከንድ ከፊቱ ምንም አላየም፣ ሲያይ አህያ የሚነዳ ሰው ከመኪናው አፍንጫ አጠገብ ነበር። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፣ ሦስት ሰከንድ መታወር 50 ሜትር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ሰው ጭኗል። ባር ያለው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እስከማለት ደረሰ።

መልስ 21። አንድ ልጅ አውቶቡሶችና ሲኖትራኮች ራሳቸው ረጅም መብራት እንደማይቀንሱ ጠቅሶ ሰደበው። መልስ 22 ላይ እኔ ገባሁ፣ ስድቡን ተውና ሰውየው የሚለውን እንስማ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጥያቄዬን የለጠፍኩት ባሩ ሰው ዓይን ላይ ስለበራብኝ ነው፣ እሱ የሚናገረው ያንኑ ነገር ከወዲያኛው መስታወት ሆኖ ነው። ለዚህ ነው ባር ከረጅሙ መብራት ጋር መያያዝ አለበት የምለው፣ ዳሽቦርድ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ማብሪያ ትረሳለች፣ እጅ ዘንጉን ዝቅ ሲያደርግ ግን ሳያስብ ነው የሚያደርገው። ስንት ሰው ነው ሪሌውን በአግባቡ ማገናኘት ሲያቅተው በቀጥታ ማብሪያ ላይ አስሮት የሚሄደው? ሹፌሩም ኋላ ላይ በእርጋታ መለሰልኝ፣ ወንድሜ ብሎ ጠርቶኝ የቁጣው ምክንያት ያ የአህያው ባለቤት እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ ሲተኛ እንደሚታየው ነገረኝ።

መልስ 23። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ጥያቄውን ከስሩ ነው የነቀሉት፤ ለጣርማ በር ከሆነ ባሩ ምን ያደርግልሃል አሉኝ። ቦታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ጋ ሲደረስ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፣ እዛ ላይ ነጭ ጠንካራ መብራት ሲበራ የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሱታል፣ ከፊት ነጭ ግድግዳ ነው የሚቆመው። መብራቱ ለዓይን በቀረበ ቁጥር ይብሳል፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ባር ደግሞ ኮፈኑንም እያበራ ሹፌሩን ያውረዋል። በጉም የሚያስፈልገው ከፓራውልቱ ስር ዝቅ ብሎ የሚታሰር፣ ወደ ጎን ሰፍቶ ወደ ላይ የማይረጭ፣ ቢጫ የሆነ ጥንድ መብራት ነው፣ ከአጭሩ ጋር አብሮ የሚበራ። ባሩ ለቆላው ለቀጥታው መንገድ ይሁንህ፣ ግመልና ከብት ከሩቅ ታይበታለህ አሉኝ። እኔ ይሄን ሁሉ ገንዘብ ሳወጣ አንድም ሰው ይሄን አልነገረኝም ነበር።

መልስ 24። ካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ ወንድም እዛ እንዲህ ያለ ከመንገድ ውጪ የሚያገለግል መብራት የሕዝብ መንገድ ላይ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን መሸፈን እንዳለበት ጻፈ፣ እሱም የራሱን ጥቁር ክዳን ገጥሞ እንደሚነዳና ከመንገድ ሲወጣ ብቻ እንደሚያወልቀው። መልስ 20 የጻፈው ሹፌር አመሰገነው።

መልስ 25 ኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ስለሚመጣው ጩኸት ነበር። ባሩ ሲበራ ሬዲዮው እንደ ንብ የሚጮህበት ሰው ጠየቀ፣ ባሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ በጣም በፍጥነት እየቆረጠ እየቀጠለ ስለሚሰራ እንደሆነ፣ ርካሾቹ ማጣሪያ እንደማይገባላቸው ተነገረው። የባሩን ፖዘቲቭና ማሳ ገመድ አንድ ላይ ገምዶ መዘርጋትና ከአንቴናው ገመድ ማራቅ ትንሽ ያግዛል።

መልስ 26። ፎርድ ሬንጀር ያለው ሰው የባሩን ማሳ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማሰር የለበትም ተባለ፣ እዛ ላይ የባትሪውን ወጪ ገቢ የሚቆጥር ሴንሰር አለ፣ በሱ በኩል ያላለፈ አምፒር ስለማይቆጠር መኪናው ባትሪውን በትክክል አይሞላውም። ማሳው ቦዲ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ይታሰር።

መልስ 27። ከርዕሱ የወጣ ነበር ግን ወደድኩት። አንድ ልጅ ለእህቱ ሰርግ ድንኳኑን በፒካፑ ባር ማብራት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። በኔ ባር ሂሳብ 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ቢጠቀም 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከግማሽ በታች ማውረድ የመኪና ባትሪን ይገድለዋል፣ ጠዋት ደግሞ ሙሽራዋን ለመውሰድ ሞተሩ መነሳት አለበት። ለብቻው ሌላ ባትሪ እንዲያመጣ መከሩት፣ መልካም ጋብቻ ብለውም ብዙ ሰው ጻፈለት።

መልስ 28። ሪሌ ቀይሮ ምንም የማይሰራለት ሰው መጣ። የገዛው ከጭነት መኪና ዕቃ ሱቅ ስለሆነ የ24 ቮልት ሪሌ ነው፣ 12 ቮልት ኮይሉን ለመያዝ አይበቃውም። ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አይታችሁ ግዙ።

መልስ 29 የኔ የመጨረሻው ሪፖርት ነው። ያንን ገመድ በሙሉ አውጥቼ ጣልኩት። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ገመድ እንደገና ዘረጋሁ፣ ቀዩ የ10 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር፣ በቆርቆሮ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት፣ 86 ከአምፖሉ የጋራ እግር በማብሪያዋ በኩል፣ 85 የረጅሙ ሽቦ ላይ፣ 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ባሩ፣ የባሩ ማሳ ቀለሙ የተፋቀ ቦዲ ላይ። መጭመቂያውን ከሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዋስኩ። አርብ ማታ ከሸዋሮቢት ስመለስ ከፊቴ የጭነት መኪና መጣ፣ ዘንጉን ዝቅ ሳደርግ ባሩም አብሮ ጠፋ፣ ሰውየው እሱም ዝቅ አደረገልኝና ተላለፍን። ጣርማ በር ስደርስ ጉም ነበር፣ ባሩን ሞከርኩት፣ ጋሼ እንዳሉት ግድግዳ ሆነብኝ፣ አጠፋሁትና በአጭሩ የቀኙን መስመር እየተከተልኩ ወጣሁ።

ጥንድ ቢጫ መብራት አስመጥቻለሁ። መልስ 30 ላይ እህታችን የሱን ሪሌ ከፓርኪንግ መብራቱ ሽቦ እንዳስነሳው ነገረችኝ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በፖዘቲቭ ነው የሚመጣው፣ ያኔ 85 ተመልሶ ቦዲ ላይ ይሆናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ስላለች ቅዳሜ አምፖሎቹን ነቅዬ መጀመሪያ እለካዋለሁ።